የራሔል አንባቢ

የእትዬ በላይነሽን ማረፍ የነገሩኝ ጋሽ ሙላቱ ናቸው። ቸርችል ጎዳና ላይ ከታክሲ ወርጄ ወደ መሥሪያ ቤቴ ልገባ ስል ደወሉ። ጋሽ ሙላቱ ከጊዮርጊስ ዝቅ ብሎ፣ ከእትዬ በላይነሽ ሱቅ ጎን ሰዓት የሚጠግኑ፣ ሳይቀልዱ ሰላምታ የማይሰጡ የአራዳ ሰው ናቸው። ያን ዕለት ጧት ግን ቀልድ አልነበራቸውም። «ዮናስ፣ በላይነሽ አረፈች» አሉኝ። ቀጥለው «ልጅቷ እንግዲህ ምን ልትሆን ነው?» አሉ።

ቀብር ላይም ድንኳን ውስጥም የሰማሁት ይህንኑ ነው። ሰው «ነፍስ ይማር» ብሎ ከተቀመጠ በኋላ ወደ ጎረቤቱ ጠጋ ይልና «ልጅቷስ?» ይላል። ጥያቄው ክፋት የለበትም። እትዬ በላይነሽም ዕድሜያቸውን ሙሉ ይዘውት ያደሩት ጥያቄ ነው። እኔን ያናደደኝ ልጅቷ፣ ማለትም ራሔል፣ እዚያው ጥግ ላይ ተቀምጣ ሳለች መጠየቁ ነው። ራሔል ሠላሳ ዓመት ሊሞላት ትንሽ የቀራት ሴት ናት። አትናገርም እንጂ ትሰማለች።

እትዬ በላይነሽን ያወቅኋቸው ሥራ በያዝኩ ሰሞን ነው። ማስረጃዎቼን ኮፒ ለማስደረግ ከመሥሪያ ቤታችን ሽቅብ ወጣሁና «ጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ» የሚል ታፔላ ያለበት ጠባብ ሱቅ ገባሁ። መነጽራቸውን በክር አንገታቸው ላይ ያንጠለጠሉ፣ አረንጓዴ ሹራብ የለበሱ ሴትዮ ወረቀቴን ተቀብለው ማሽኑ ላይ አደረጉት። ማሽኑ አጠገብ የተቀመጠችው ወጣት ከማሽኑ የወጣውን ኮፒ ብድግ አድርጋ ጉንጯ ላይ ለጠፈችውና ዓይኗን ጨፈነች። እኔ እጄን ዘርግቼ ቀረሁ።

«ሙቀቱ ሲያልቅላት ትሰጥሃለች» አሉኝ ሴትዮዋ። «ከቸኮልክ ሌላ አወጣልሃለሁ።»

«አልቸኮልኩም» አልኩ። ቸኩዬ ነበር። ዝም ብዬ ላለመቆም ያህል «ስንት ዓመቷ ነው?» አልኳቸው።

«ይቺውና፤ እሷን ጠይቃት።»

«ትመልስልኛለች?»

«አትመልስልህም። ግን የምትጠየቀው እሷ ትሁን።»

ይህን ሲሉ አልተቆጡም። እትዬ በላይነሽ ሲቆጡ አይቼ አላውቅም። ያልወደዱት ነገር ሲነገር መነጽራቸውን ያወልቁና በሹራባቸው ጫፍ በደንብ አድርገው ይወለውሉታል። ወልውለው መልሰው እስኪያደርጉት የሚነገራቸውም ሰው ይጨነቃል። መልስ የሚሰጡት ከዚያ በኋላ ነው። ጋሽ ሙላቱ «በላይነሽ መነጽሯን ካወለቀች አንተ አለቀልህ» ይሉ ነበር።

በወጣትነታቸው የአንድ መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ነበሩ። ራሔል ስትወለድ ባልየው ጥቂት ዓመት ታገሡና ሄዱ። የት እንደሄዱ እትዬ በላይነሽ አንድም ቀን አላወሩም፤ «ሄደ» ብቻ ነው የሚሉት። ልጅቷን የሚይዝላቸው ሲያጡ ሥራውን ለቀው ሱቁን ከፈቱ። ያኔ መኖሪያቸው ዶሮ ማነቂያ ነበር። ሰፈሩ ሲነሣ ብዙው ሰው ራቅ ወዳለ ኮንዶሚኒየም ሲገባ፣ እሳቸው ግን ራሔል የታክሲ ጩኸት ስለማትችል ከጊዮርጊስ ጀርባ፣ ከሱቃቸው በእግር የሚደረስ ግቢ ውስጥ ሁለት ክፍል ተከራዩ።

ስለ ራሔል ያልተባለ ነገር የለም። ልክፍት ነው ተብሏል፤ የአባት እርግማን ነው፣ እናቲቱ በእርግዝናዋ ወራት ያየችው ነገር ነው ተብሏል። ኦቲዝም የሚለውን ቃል እትዬ በላይነሽ ከሐኪም የሰሙት ልጅቷ ትልቅ ከሆነች በኋላ ነው። «ቃሉን ሳገኝ ቀለለኝ» አሉኝ አንድ ቀን። «ጎረቤቶቼ ደግሞ የፈረንጅ በሽታ ነው አሉ። በሽታ አይደለም፣ አፈጣጠር ነው ብል ማን ይሰማኛል?» እኔ የጴንጤ ቤተሰብ ልጅ ነኝ፤ እናቴ ስለ ራሔል ከእኔ ስትሰማ ወደ ቤተ ክርስቲያናችን ትምጣና ይጸለይላት ብላ ላከችብኝ። መልእክቱን እያፈርኩ አደረስኩ። እትዬ በላይነሽ ግን መነጽራቸውን እንኳ አላወለቁም።

«እናትህን እግዜር ይስጥልኝ በላት። ጸበል ወስጃት ነበር፤ ወደደችው፣ ውኃ ስለምትወድ። እናንተም ጋ አንድ ጊዜ ሄደን ነበር። አልወደደችውም፣ ድምፅ ማጉያችሁ በዛባት።»

ከሰዓት በኋላ፣ ደንበኛ ቀዝቀዝ ሲል፣ እትዬ በላይነሽ ለራሔል መጽሐፍ ያነባሉ። ሥራዬን ስጨርስ ብዙ ጊዜ ወደዚያ ብቅ የምለው ይህን ለመስማት ነበር። ድምፃቸው የሚገርም አልነበረም፤ ትንሽ ሻከር ያለ፣ ነጥብ ላይ በደንብ የሚያርፍ የጸሐፊ ድምፅ ነው። ልብ ወለድ ነው የሚያነቡት፣ አሮጌ መጽሐፍ ከሚሸጡት ልጆች የሚገዙትን። አንዱን መጽሐፍ ከዳር እስከ ዳር ይጨርሱና ደግመው ከመጀመሪያው ይይዙታል፤ ራሔል የምትወደው የለመደችውን ነው። ስታዳምጥ ትወዛወዛለች፣ ደስ የሚላት ቦታ ሲደርስ ታንጎራጉራለች። መስመር ከተዘለለባት ጠረጴዛውን በመዳፏ ትመታለች። «እሺ፣ እሺ፣ ይቅርታ» ብለው ይመለሳሉ እናትየው።

«ይገባታል?» ብዬ አንዴ ጠየቅኋቸው፤ ከዚያ ደነገጥኩና ወደ ራሔል ዞር አልኩ። ሳቁብኝ።

«እኔ እንጃ። አንተስ የምታነበው ሁሉ ይገባሃል?» አሉ። ከዚያ ሳቃቸው ጠፋ። «ብዪ የሚላት ሰው አይጠፋም ዮናስ። እህቴ ጸሐይ አለች፣ ታበላታለች፣ ታለብሳታለች። ከእኔ በኋላ የሚያነብላት ግን የለም። ሰው ለማይመልስለት ሰው አያነብም።»

ይህ ነበር ሥጋታቸው። ሐኪሙ ልባቸው እንደደከመ ከነገራቸው በኋላ ደግሞ ሥጋት መሆኑ ቀርቶ ሥራ ሆነ። ስልካቸውን ጠረጴዛው ላይ እያቆሙ የሚያነቡትን መቅዳት ጀመሩ። ስልካቸው ላይ ባለው መልእክት መላላኪያ አንድ ቻናል ከፈቱና ስሙን «ራሔል» ብለው ምዕራፍ በምዕራፍ እየቀዱ እዚያ ያስቀምጣሉ። ከራሳቸው በቀር አባል የለውም። ፎቶ ኮፒ ማሽኑ ሲንቀሳቀስ፣ የጋሽ ሙላቱ ሳል ሲገባ፣ አንድ ደንበኛ «እማማ፣ ፎቶ ይነሣል?» ሲል ሁሉም ተቀድቷል። «አይጥፋ» አሉኝ ሳቅ ብለው፤ «እሷ የምታውቀው ንባብ ይሄ ነው።»

በዚያው ሰሞን ፒያሳ ውስጥ አንድ አሮጌ ፎቅ ላይ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በሚሰበሰብ የንባብ ቡድን ውስጥ አባል ነበርኩ። እትዬ በላይነሽን የጋበዝኳቸው እኔ ነኝ። ራሔልን ይዘው መጡ። ራሔል ስትወዛወዝ ወንበሩ ይንቋቋል፣ ስታንጎራጉር ተናጋሪው ይቆማል። ከሁለተኛው ስብሰባ በኋላ የቡድኑ ሰብሳቢ አቶ ግርማ፣ በጡረታ ላይ ያሉ ጨዋ መምህር፣ ደረጃው ላይ ጠብቀዋቸው አፋቸው እየተሳሰረ «ተሳታፊው ሐሳቡ ይበተናል፤ ለእሷም አይመቻት ይሆናል ብለን ነው» አሏቸው።

እትዬ በላይነሽ መነጽራቸውን ወለወሉ። «እሺ አቶ ግርማ። እኛ በሩ አጠገብ እንቀመጣለን። ያልተመቸው ሰው ፊት ይቀመጥ» አሉ።

እንዲያው ሆነ። ሰው ከጊዜ በኋላ የወንበሩን ድምፅ ለመደው። ማንም ግን አጠገባቸው አይቀመጥም ነበር፤ ሁልጊዜ አንድ ወንበር ባዶ ይቀራል።

አንድ ቅዳሜ የአንድ ወጣት ደራሲ ልብ ወለድ ለውይይት ቀረበ። ደራሲው ራሱ ፊት ለፊት ተቀምጧል። በመጽሐፉ ውስጥ የማትናገር ልጅ አለች፤ አባቷ ደሃ ወንድሙን መሬት ቀምቶ ስለነበር እንዲህ ሆና የተወለደች ናት፤ መጨረሻ ላይ ትሞትና ቤተሰቡ ሰላም ያገኛል። ተወያዮቹ ስለ ልጅቷ ምሳሌያዊነት ብዙ አሉ። አንዱ ዝም የተሰኘው ሕዝብ ናት አለ፣ ሌላው የጠፋ ፍትሕ ናት አለ። እትዬ በላይነሽ ከበሩ አጠገብ እጃቸውን አወጡ።

«መጽሐፉን ወድጄዋለሁ» ብለው ጀመሩ። «ቋንቋው ያምራል። ግን ልጠይቅህ ልጄ፣ እኔ ብዙ መጽሐፍ አነባለሁ። እንደ ልጄ ያለች ሰው በመጽሐፋችን ስትመጣ ወይ ቅጣት ናት፣ ወይ መሳቂያ ናት። መጨረሻ ላይ ደግሞ ትሞትላችኋለች። ለምንድነው?»

ደራሲው ቀላ። «እናቴ፣ እሷ ምልክት ናት። ምሳሌ ናት» አለ በትሕትና።

«እሱ ነው ያደከመኝ። ይቺ ልጄ የማንም ምሳሌ አይደለችም። ጎመን አትወድም። ሙቅ ወረቀት ትወዳለች። ዝናብ ሲዘንብ ካልወጣሁ ትላለች፣ አስቸጋሪ ናት። ምን ትወዳለች ብሎ ጠይቆ የጻፋት ደራሲ ግን አላገኘሁም።»

የሚሰማው የራሔል ወንበር ብቻ ነበር። ስብሰባው ሲያበቃ ደራሲው ወደ በሩ መጥቶ ያንን ባዶ ወንበር ስቦ ተቀመጠ። ምን እንደተነጋገሩ አልሰማሁም። መጽሐፉን አልቀየረም፤ እሳቸውም ቀይር አላሉትም። ሲወጣ ግን «ደኅና ሁኚ ራሔል» ብሎ ነው የወጣው።

ንግግሩን አንዱ አባል በስልኩ ቀርጾት ነበርና አቶ ግርማ በቡድኑ ገጽ ላይ ልናወጣው ብለው አስፈቀዷቸው። እዚህ ላይ እኔ ገባሁ። ሥራዬ የመሥሪያ ቤታችንን ኮምፒውተር ከሰርጎ ገብ መጠበቅ ነው፤ እንጀራዬ ሰውን መጠርጠር ነው ማለት ይቻላል። የራሔል ስም አይጠራ፣ ፊቷ ይሸፈን፣ ስለ ሱቁ የሚያወሩት ይቆረጥ አልኩ። እንዲህ ያለ ነገር ያየ ሌባ ምን እንደሚያደርግበት አውቃለሁ።

እትዬ በላይነሽ መነጽራቸውን አወለቁ። እኔም አለቀልኝ።

«አየህ ዮናስ፣ ልጅቷ ትንሽ ሳለች ዘመዶቼ ምን እንዳሉኝ ታውቃለህ? እንግዳ ሲመጣ ጓዳ አስገቢያት። ስሟን አትጥሪ፣ ሰው ያያታል። አንተ የምትለው ለደኅንነቷ እንደሆነ አውቃለሁ። ግን እነሱም እንደዚያው ነበር የሚሉት።»

ቪዲዮው ከነስሟ ወጣ። ብዙ ሰው ተቀባበለው። ከሥር የተጻፈው አስተያየት ደግሞ እንደ አገራችን ነው፤ የሚያለቅስም፣ የሚመርቅም፣ የሚሳደብም አለ። እትዬ በላይነሽ ሁሉንም ሱቃቸው ውስጥ ጮክ ብለው አነበቡት። «አንዱ ደግሞ እናቲቱም ትመርመር ብሏል» አሉ። «ተመርምሬያለሁ፤ ልቤ ነው።»

ብዙም አልቆየም። አንድ ረፋድ ላይ ጋሽ ሙላቱ ደወሉልኝ። «አንተ የኮምፒውተር ፖሊስ፣ በላይነሽን ዘርፈዋታል» አሉ። ስልኩን ለእትዬ በላይነሽ ሰጡልኝ። የሆነውን ነገሩኝ። የኦቲዝም ልጆች ካሏቸው ቤተሰቦች ጋር እንሠራለን ያለ ሰው ደውሎ ነበር፤ ራሔልን ሊመዘግብ ስልካቸው ላይ የሚደርሰውን ቁጥር ጠየቀና አነበቡለት። ወዲያው በእሳቸው ስም ለወዳጅ ለዘመዱ «ራሔል ታማለችና ድረሱልኝ» የሚል መልእክት ይበተን ጀመር። ያ ቁጥር አካውንታቸውን በሌላ ስልክ የሚከፍት ቁልፍ ነበር።

«መልእክቱ ግድ የለም፣ ለሰዎቹ እንነግራቸዋለን» አልኩ። «ቻናሉስ? የራሔል?»

«አለ፤ አሁንም ይታየኛል። እሱም ያየዋል አይደል? ሊያጠፋው ይችላል አይደል?»

«ይችላል።»

ከኋላ ጋሽ ሙላቱ «ነገርኳት እኮ፣ አጥፍተሽ እንደገና ጫኚው አልኳት» ሲሉ ሰማሁ። የእሳቸው ስልክ አካውንቱ ውስጥ ቀድሞ የገባ ስለሆነ ሌባው ቶሎ ሊያስወጣቸው አይችልም፤ እሳቸው መተግበሪያውን በእጃቸው ካጠፉት ግን ሌባው የራሱን የይለፍ ቃል አድርጎበት ሊሆን ስለሚችል መመለሻ የለም። የቀረን በር የእሳቸው ስልክ ብቻ ነበር።

«እትዬ፣ ምንም አይንኩ። ስልኩን ጠረጴዛው ላይ ያስቀምጡት። ጋሽ ሙላቱም እንዳይነኩት» ብዬ ወጣሁ። መንገዱ ተጨናንቆ ነበርና ታክሲ መጠበቁን ትቼ ሽቅብ በእግሬ ሮጥኩ። እኔ የሯጭ ዘር የለኝም።

ስደርስ ስልኩ ጠረጴዛው መሐል ተቀምጧል፤ ሁለቱ ሽማግሌዎች ቦምብ የተጠመደ ይመስል ራቅ ብለው ቆመዋል። ራሔል ማሽኑ አጠገብ ጆሮዋን ይዛ ትወዛወዛለች። ስልኩን አንሥቼ አካውንቱ የተከፈተባቸውን መሣሪያዎች አየሁ። የማናውቀው ስልክ እዚያ አለ። አስወጣሁት። ከዚያ ቻናሉን ከፈትኩ። እየነካሁ አንድ ባንድ ወደ ሱቁ ኮምፒውተር አወረድኩት፣ ደግሞም በፍላሽ ላይ ገለበጥኩት። እትዬ በላይነሽ ከትከሻዬ ኋላ ቆመው የምዕራፎቹን ስም በከንፈራቸው ይከተላሉ። የጎደለ አልነበረም። ለሌባው የአንዲት አሮጊት ንባብ ምኑም አልነበረም፤ አልነካውም። እትዬ በላይነሽ ወንበር ስበው ተቀመጡና አለቀሱ።

ሲረጋጉ የሥራ ጸባዬ መጣብኝ። «እትዬ፣ መልእክቱ ላይ ለማንም አይስጡ ይላል እኮ። በአማርኛ ነው የተጻፈው። እርስዎ ደግሞ አንባቢ ነዎት» አልኳቸው።

መነጽራቸውን አወለቁ፤ ግን አልወለወሉትም።

«ስለ ራሔል ጠየቀኝ» አሉ።

«እንዴት?»

«ሰው ሲደውልልኝ ሰላምታውን ታውቀዋለህ። ጤናዎ እንዴት ነው? ልብዎን ተሻለዎት? ሥራ እንዴት ነው? እህትዎ ደኅና ናቸው? የማይጠይቀው የለም፤ ራሔልን ይዘላታል። እንዳላዝን ብሎ ነው፣ አውቃለሁ። አንተም ትዘላታለህ። ይሄ ልጅ ግን በስሟ ጠራት። ራሔል እንደምን ዋለች አለኝ። ምን ታደርጋለች አለኝ። ወረቀት ይዛለች ስለው ሳቀ፤ ከልቡ ነው የሳቀው። ጨዋ ልጅ ነው አልኩ። እንዲህ ብሎ የጠየቀኝን ሰው ስልክ እንዴት ልዝጋበት?»

ጋሽ ሙላቱ ይህን ጊዜ ወደ ሱቃቸው ሊመለሱ ተነሥተው ነበር። በሩ ላይ ቆሙ። «ሌባው እንኳ ከእኛ ይሻላል በላ» አሉ ለራሳቸው። ቀልድ ለመሆኑ እርግጠኛ አይደለሁም።

ይህ ወሬ በንባብ ቡድኑ ውስጥ ተሰማ፤ ከዚያ በኋላ ስለ ራሔል የማይጠይቅ ጠፋ። አቶ ግርማ ጧትም ማታም ይደውሉ ጀመር። «አሁን ደግሞ በዛ» አሉኝ እትዬ በላይነሽ። «ትናንት ግርማ ራሔል ምን በላች ብሎ ጠየቀኝ። ዛሬ የበላችው ትናንት ከበላችው አይለይም። እስኪ ተወኝ በለው።» ግን ደስ ብሏቸው ነበር፤ አላስተባበሉም።

ስልካቸውም አካውንታቸውም ላይ አንድ ጠንካራ የይለፍ ቃል አደረግን። ለማንም እንዳይነግሩ አስምዬ አስገዘትኳቸው ማለት ይቻላል። በማግስቱ ሱቃቸው ስገባ ጋሽ ሙላቱ ያንኑ የይለፍ ቃል በቃላቸው ሲወጡት አገኘኋቸው። ለእህታቸው ለወይዘሮ ጸሐይም በስልክ ነግረዋቸዋል። እጄን ጭንቅላቴ ላይ ጫንኩ።

«የቤትህን ቁልፍ የት ታስቀምጣለህ?» አሉኝ እትዬ በላይነሽ።

«ኪሴ ውስጥ።»

«እኛ ጎረቤት ጋ ነው የምናስቀምጠው። ዶሮ ማነቂያ እያለን ቁልፍ ኪሱ ይዞ የሚዞር ሰው አልነበረም። ብሞትስ? ራሔል ትከፍተዋለች?»

ሥራዬ ላይ ለሠራተኛ ስልጠና ስሰጥ ይሄን ታሪክ ተናግሬው አላውቅም። የማስተምረውን ሁሉ ያፈርስብኛል።

ከዚያ በኋላ የነበረው ጊዜ ጸጥ ያለ ነበር። እትዬ በላይነሽ ደረጃ መውጣት ሲያቅታቸው ቅዳሜ መምጣት ተዉ። መቅዳቱን ግን አላቆሙም። መጨረሻ ላይ የቀዱት ላይ ትንፋሻቸው ከቃላቱ ይበልጣል፤ አንድ ዓረፍተ ነገር ያነቡና ይጠብቃሉ፣ ደግሞ አንድ ያነባሉ። ስሄድ «ይህንን አዳምጥልኝ፣ ይሰማል?» ይሉኛል። ይሰማል እላቸዋለሁ። ያረፉትም ቤታቸው፣ አልጋቸው ላይ ነው፤ እህታቸው ወይዘሮ ጸሐይ አጠገባቸው ነበሩ።

ወይዘሮ ጸሐይ ጥሩ ሴት ናቸው። ኮንዶሚኒየማቸውን አከራይተው ራሔል የለመደችው ቤት ለመግባት ቆርጠዋል። ለቅሶው ግን ለራሔል አልሆነም። ግቢው ውስጥ ድንኳን ተተክሏል፣ አዲስ ለቀስተኛ በመጣ ቁጥር ጩኸት ይነሣል። ራሔል ጆሮዋን ይዛ ድንኳኑ ጥግ ትወዛወዛለች፣ አትበላም። ቤት ሲያስገቧት ትወጣለች፤ እናቷን ሰው በተሰበሰበበት ቦታ የምታገኛቸው ይመስላት ይሆናል፣ እኔ እንጃ። አንዷ ሴትዮ «አልገባትም፣ ምን ታድርግ» ስትል ሰማኋት።

ከቀብሩ በማግስቱ ከሰዓት በኋላ፣ ሰው ቀለል ሲል፣ ወይዘሮ ጸሐይ የእህታቸውን ስልክ ይዘው መጡ። «የእትዬን ንባብ እንክፈትላት፣ ትረጋጋ ይሆናል» አሉ። የይለፍ ቃሉ ጠፍቷቸው ነበር። ጋሽ ሙላቱ ካርታ ከሚጫወቱት ሰዎች መሐል ተነሥተው መጥተው በአንድ ጣታቸው ጻፉት። ወይዘሮ ጸሐይ የቻናሉን የመጀመሪያ ምዕራፍ ነኩት።

ያ ሻካራ ድምፅ ድንኳኑ ውስጥ ወጣ። ሴቶቹ ደነገጡ፤ አንዷ «ኧረ የሟች ድምፅ» ብላ ማልቀስ ጀመረች፣ ካርታው ቆመ። እኔ ራሔልን እያየሁ ነበር። ይህ ሁሉ የተደረገው ለእሷ ነው፤ የደከመ ልብ ለዚህ ነው የደከመው፣ እኔም ሽቅብ የሮጥኩት ለዚህ ነው። ራሔል ጆሮዋን ለቀቀች። ተነሥታ መጣች። ስልኩን ከአክስቷ እጅ ወሰደችና ዙሪያዋን ተመለከተች፤ ድንኳኑን፣ በሩን፣ ወንበሮቹን። ከዚያ ስልኩን በፊቱ ደፍታ ወንበር ላይ አስቀመጠችውና መዳፏን ጫነችበት። ድምፁ ከመዳፏ ሥር ታፍኖ ይሰማል። ወይዘሮ ጸሐይ አጠፉት።

«አልፈለገችውም» አሉ፤ እንባቸው ወረደ። «እናቷ ያን ያህል ደክማላት።»

ራሔል ወደ ቤት ገባች። ስትመለስ መጽሐፍ ይዛለች፣ ጠርዙ በፕላስተር የተለጠፈውን፣ እናቷ ደጋግመው የሚያነቡላትን። መጀመሪያ ለአክስቷ ሰጠቻቸው። ወይዘሮ ጸሐይ ገለጡት፤ ግን ቃል አልወጣቸውም። ወሰደችባቸው። እኔ እጄን ልዘረጋ ስል አልፋኝ ሄደችና መጽሐፉን ጋሽ ሙላቱ ጉልበት ላይ አኖረችው።

«እኔ?» አሉ ጋሽ ሙላቱ። ዙሪያቸውን አዩ። ከሃያ ዓመት በላይ ግድግዳ ለግድግዳ ኖረው ከራሔል ጋር አንድም ቃል ተነጋግረው አያውቁም፤ ማፈር እንጂ ንቀት አልነበረም። «እኔ እኮ ሰዓት ነው የማውቀው» አሉ። ማንም አልሳቀም። ራሔል አጠገባቸው ተቀምጣ ጠበቀች። መነጽራቸውን ከደረት ኪሳቸው አወጡ፣ ጉሮሯቸውን ጠረጉና ጀመሩ።

ሲያነቡ ይጎተታሉ፤ ነጥብ ላይ አያርፉም፣ ማረፍ በሌለባቸው ቦታ ያርፋሉ። አንድ መስመር ዘለሉ። ራሔል ወንበሩን በመዳፏ መታችው። ሰው ሁሉ ደነገጠ። ጋሽ ሙላቱ «እሺ፣ እሺ» ብለው ጣታቸውን ወደ ላይ መለሱና የዘለሉትን አነበቡ። ቀስ በቀስ መወዛወዟ ረጋ አለ፤ በኋላም ማንጎራጎር ጀመረች። ካርታ ተጫዋቾቹ ወንበራቸውን ወደዚህ አዞሩ።

ጋሽ ሙላቱ የገጹ ግርጌ ላይ ሲደርሱ ማንበባቸውን አቆሙ። መጽሐፉን ሊያጥፉት ሲሉ ራሔል እጇን ሰድዳ ቀጣዩን ገጽ ገለጠችላቸው።